ጋሪው ወደ ኋላ ሲያጋድል

«ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ ባለጋሪ እንዲህ ሲጣራ ሰማሁና ወዲያው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሆንኩ።

የዚያን ዓመት አንድ ቀን እኔና ጓደኛዬ መዲና በባለጋሪው በጋሽ ቱሉ ጋሪ ላይ ከኋላ ተቀምጠን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። አሰላ ዳገት አያጣትም፤ ኋላው የከበደ ጋሪ ደግሞ ዳገት ላይ ፈረሱን ከፊት ያንጠለጥለዋል። ለዚህ ነው ባለጋሪ ሁሉ የተሳፋሪ ቦታ የሚያቀያይረው። ጋሽ ቱሉም ዞር ብለው «መዲና፣ ልጄ፣ አንቺ ወደ ፊት ነይ» አሏት።

ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ኧረ ጋሽ ቱሉ፣ እሷ ፊት ከተቀመጠች ፈረሱ ይንበረከካል!» ተሳፋሪው በሙሉ አብሮኝ ሳቀ። ሰው ማሳቄ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መዲና ደብተሮቿን ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወረደች። «በእግሬ ይሻለኛል» አለች።

ጋሽ ቱሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ፈረሱ ምንም አላለ። አንቺን ምን ከበደሽ?» አሉኝ። ፈረስ ደግሞ ምን ሊል ነው ብዬ እንደገና ሳቅኩ።

መዲና ከዚያ ወዲያ ጋሪ አልተሳፈረችም። ዳገቱን ብቻዋን ስትወጣ በጋሪ ሳልፋት እጄን አውለበልብላት ነበር። ቤተሰቦቿ ወደ ዴራ ከተማ እስኪዛወሩ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አብሬያት አልሄድኩም።

የዛሬው ባለጋሪ «ሁለት ናችሁ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩትና ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት።