የወርቅነሽ ምራቅ

ወርቅነሽን መርሳ ከተማ ላይ የማታውቃት ሴት የለችም። ወጥ የሚጥመው በእሷ ድስት ሲሠራ ነው እያሉ ገበያ ላይ ይሻሙባታል፤ ገንዘቡን ሲከፍሉ ግን ጣቷን እንዳይነኩ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል። ድስቱን ወደው እጇን የሚፈሩ ሰዎች!

ቤቷ ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ካሉት ጥቂት የቤተ እስራኤል ቤቶች አንዱ ነው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ቅዳሜ እሳት አይጭሩም። አገሬው ፊት ለፊት «ባለእጅ» ይላቸዋል፤ ዘወር ሲሉ «ፈላሻ»፤ ሲብስበት ደግሞ «ቡዳ»። ሰው በዓይኑ የሚበላ፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ የሚወጣ ማለት ነው እንግዲህ። ወርቅነሽ እንኳን ሰው ልትበላ የራሷን እራት በልታ የማትጠግብ ሴት ናት።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ ህሊና። ህሊና አንገቷ ላይ ማተብ አስራ ወልድያ ገባችና ሰናይ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ አገባች። ለባሏም ለአማቷም የውርጌሳ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ እናት አባቴ ሞተዋል አለቻቸው። ወርቅነሽ በቁሟ መሞቷን ሰምታ ይሁን አለች። ልጄ ከዳነችልኝ እኔ ልሙት ብላ ነው። ህሊና ተደብቃ ስልክ ትደውልላታለች፤ የልጅ ልጇንም ድምፅ በስልክ ታሰማታለች። ወርቅነሽ የቀራት ይኸው ስልክ ብቻ ነበር።

የነገሩ መነሻ የነሲባ ልጅ ነው። ነሲባ ጎረቤት ናት፤ ጦርነቱ የመጣ ጊዜ አብረው ሸሽተው በአንድ ሸራ ሥር ያደሩ ናቸው። ትንሹ ልጇ ወርቅነሽ ቤት እየዋለ የጭቃ በሬ ታበጅለት ነበር። አንድ ቀን አተኮሰው፤ በትኩሳቱ መሐል ሲቃዥ «ወርቅነሽ፣ ወርቅነሽ» አለ። ልጅ የዋለበትን ቤት ቢጠራ ምን ይገርማል? በአገሩ ልማድ ግን ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ስም ይለፈልፋል፤ የተጠራውም መጥቶ ትፍ ካላለበት አይለቀውም። ነሲባ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዳ መርፌ አስወግታዋለች፤ ትኩሳቱ ግን ወዲያው አልበረደም። ዓይኗ ቀልቶ ወርቅነሽ ደጅ መጣች።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ እኔ አላምንበትም፣ ወላሂ። ግን የባሌ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል። ይምጡና ትፍ ይበሉበት።»

ወርቅነሽ ትፍ ካለች፣ አዎ እኔ ነኝ የበላሁት ብላ በአደባባይ ማመኗ ነው፤ ወሬውም በታክሲ ተሳፍሮ ወልድያ ይገባል፣ ከህሊና ጆሮ ይደርሳል። እምቢ ካለችና ልጁ ከሞተ ደግሞ ገዳይ ናት። ቆዪኝ ብላ አባ ይርጋ ዘንድ ሮጠች። አባ ይርጋ የወንዙ ዳር ሰዎች ትልቅ ናቸው፤ ጸሎቱንም፣ የኦሪቱንም ሥርዓት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። አትሂጂ እንዲሏት ነበር የፈለገችው፤ አንድ ሰው «አትሂጂ» ቢላት ምን አለበት? እሳቸው ግን መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «ሂጂ ልጄ። ትፍ ብትይ ምራቅ ነው። ልጁ ቢሞት ግን ይህ ሁሉ ቤት ይነዳል» አሏት።

ሄደች። ሰዉ ወደ ግድግዳው ተለጥፎ መንገድ ለቀቀላት። ልጁን አቅፋ፣ በሆዷ አምላኳን እየለመነች፣ ግንባሩ ላይ ትፍ አለችበት። ከዚያ፣ ወይ ነዶ፣ ሰው እንዴት በገዛ ሥርዓቱ ይጠፋል! የወንዙ ዳር ሰዎች ከወገናቸው ውጭ የሆነን ሰው ከነኩ ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም። የአያት የቅድመ አያት ሕግ ነው። ወርቅነሽ እንደ ልማዷ በቀጥታ ወንዝ ወረደችና ከነልብሷ ውኃ ውስጥ ገባች። የዚያን ቀን መታለፍ የነበረበት ሕግ መሆኑ ትዝም አላላት። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ቆመው አዩዋት።

በማግስቱ ልጁ ተነሥቶ ገንፎ በላ። መርፌውን ያስታወሰው ሰው የለም። ስትለቀው ዳነ ተባለ፤ ደሙን ወንዝ ወርዳ ስትታጠብ አየናት ተባለ። እስከዚያ ድረስ በሹክሹክታ የነበረው ሁሉ ማስረጃ አገኘ። በሳምንቱ ውስጥ ለገበያ ያሰናዳቻቸው ድስቶች በድንጋይ ተከሰከሱ፣ የአባ ይርጋ ብረት መቀጥቀጫ ዳስ ነደደ። ነሲባ ልጇን ከወርቅነሽ ደጅ አስቀረችው፤ እሷም መንገድ ላይ ስታገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፍ ጀመር።

ቅዳሜ የወንዙ ዳር ሰዎች አባ ይርጋ ቤት ተሰበሰቡ። ወርቅነሽ ለፖሊስ እንክሰስ አለች። የሚደግፋት አላገኘችም። ፖሊስ ማን ናችሁ ሲለን ምን እንላለን አሉ፤ ወልድያና ደሴ ስማቸውን ለውጠው የተቀመጡ ልጆቻችንስ፣ ስማችን መዝገብ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናሉ አሉ። ያንቺዋን ህሊናንም አስቢ አሏት። መጨረሻ ላይ የቆረጡት ነገር ቢኖር ከእንግዲህ ማንም ለመታጠብ ወንዝ እንዳይወርድ ነው። ስንቱ ነገር እንዲህ እንዲህ እያለ እንደቀረ እነሱም አያውቁትም። የጾሙ በዓል ቀረ፣ የመቃብሩ ሥርዓት ቀረ፣ አሁን ደግሞ ውኃው።

«ሂጂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች ወርቅነሽ ወደ አባ ይርጋ ዞራ። ያቃጠላቸውን መክሰስ ያቃታቸው ሰዎች የራሳቸውን ሕግ ለመሻር አንድ ረፋድ በቃቸው፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ህሊና ስልክ አታነሣም። ወርቅነሽ ትደውላለች፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ሰምታ አፍራብኝ ነው ብላ ጭቃ መንካት አቆመች።

አንድ ቀን ጠዋት ባጃጅ ደጇ ላይ ቆመና ህሊና ሕፃኑን አዝላ ወረደች። ወርቅነሽ እልል ማለት ቃጣት፤ አፏን በእጇ አፍና ሮጠች። ልጄ ሰማች፣ አዘነችልኝ፣ ልታጽናናኝ መጣች ብላ እኮ ነው! ግቢ እያለች እጇን ዘረጋች። ህሊና ግን አልገባችም። እዚያው ደጁ ላይ ሕፃኑን አውርዳ ታቀፈችው። ያቃጥለዋል፣ ያለቅሳል።

ሆስፒታል ወስጄው ነበር አለች፤ ሽሮፕ ሰጡኝ፣ አልተሻለውም አለች። ባሌ አያውቅም፣ ቶሎ መመለስ አለብኝ አለች። ይህን ሁሉ ስትናገር እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

«እማ፣ ትፍ በይበት።»

ወርቅነሽ የሰማችው አልመሰላትም። «እኔ ነኝ የበላሁት? ዓይኑን እንኳ አይቼው የማላውቀውን?»

«አላውቅም። በስልክ ድምፁን ትሰሚ ነበር። ብቻ ትፍ በይበት።»

አፏ ደርቆ ነበር፤ ምራቅ ከየት ይምጣ? ምላሷን ደጋግማ አላወሰችና እንደምንም ትፍ አለችበት፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ግንባር። ሕፃኑ ለቅሶውን አቋርጦ ትክ ብሎ አያት። ዓይኑ የሟቹ ባሏ ዓይን ቁርጥ ነው። ወርቅነሽ ልትስመው ጎንበስ አለች።

ህሊና ነጠላዋን ስባ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው።