ፍራሽ ሰፊዋና የወንድማማቾቹ ሱቅ

ሱቁን የሠራው የፍራሽ ሰፊዋ ባል አባት ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ከደጅ ደጅ ሲዞር የኖረ፣ ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ «ከእንግዲህ ገዢ ወደ እኔ ይምጣ» ብሎ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ጥግ ላይ ባለ ፎቅ ሱቅ ያቆመ ነበር። ምድሩ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨት። በከተማዋ የመጀመሪያው ፎቅ ስለነበር ሰው ጨርቅ ባይገዛም ደረጃውን ለማየት ጎራ ይል ነበር ይባላል።

እሷ ለታናሹ ልጅ ተድራ እዚያ ቤት የገባችው ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጆቹ በውርሱ ሲነታረኩ አስታራቂ ሽማግሌዎች ገቡና ምድሩን ለታላቁ፣ ፎቁን ለታናሹ አካፈሉ። በፍርዳቸው ረክተው፣ ተመራርቀው ወጡ። የደረጃው ነገር ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። የደረጃው እግር በታላቅየው ሱቅ ውስጥ ነው፤ አናቱ በታናሽየው ቤት ነው።

ለጥቂት ጊዜ በመከባበር አለፉ። እሷ የውሃ ባልዲ ይዛ፣ እርጥብ ልብስ ተሸክማ በገዢዎች መሀል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ፊቱን ያጠቁራል። አንድ ጠዋት ግን ሆዱ አልቻለም፤ ለወንድሙ «ሱቄ አደባባይ አይደለም» አለው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ነገር ከሚውጥ ጎማ ቢውጥ የሚቀለው ሰው። ያኑ ዕለት የደረጃውን የላይኛውን በር በገዛ እጁ ጣውላ መታበትና በጓሮ በኩል አዲስ የእንጨት ደረጃ ሠራ። ቀጥ ያለ፣ መሰላል ይሁን ደረጃ ያልለየለት ነገር ነበር። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሴት ልጇን አርግዛ በዚያ ደረጃ በአራት እግሯ ትወጣ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያስታውሳል።

ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ታላቅየው ሰው የማይሄድበትን ደረጃ መደርደሪያ አደረገውና የጨርቅ ጥቅል ከታች እስከ ላይ ደረደረበት።

ባሏ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እሷ ያን ሰፊ የእንጨት ወለል ብቻዋን ይዛ ትውላለች። ከአክስቷ የተማረችው ሙያ ነበራት፤ ፍራሽ መስፋት። ጥጥ አስመጣች፣ ጥጥ ማፍታቻ ደጋን ገዛች፣ መንደፍ ጀመረች። ጥጡን ነድፋ፣ አቡጀዲው ውስጥ ሞልታ፣ በዱላ መትታ ታስተካክላለች፤ ከዚያ በረጅሙ መርፌ ሲባጎ እያሳለፈች ትወጥረዋለች። አሠራሯ ጥሩ ነበር። ሙሽራ ሁሉ እሷ ዘንድ ፍራሽ ማሰፋት ጀመረ፤ ስሟም ቀርቶ «እትዬ ፍራሽ» ተባለች።

ችግሩ፣ የፎቁ ወለል ለታችኛው ሱቅ ጣሪያ ነው። የጥጡ ብናኝ በጣውላው ስንጥቅ እየሾለከ በታላቅየው ጥቁር ሱፍ ላይ ያርፋል። ገዢዎች «በጋሼ ሱቅ በረዶ ይጥላል» እያሉ ይስቁበት ጀመር። እሱ አይስቅም፤ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። እሷ ወለሉ ላይ ጆንያ አነጠፈች፤ ብናኙ ግን መንገድ አላጣም። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ልጅቷ አድጋ ትምህርት ቤት ገባች።

በዚህ መሀል መንገዱ አስፋልት ሆነ። መንገድ ሠሪዎቹ አፈር ደልድለው ደልድለው መንገዱን ከሱቁ መድረክ በላይ ከፍ አደረጉት። ድሮ ወደ ላይ ተወጥቶ ይገባበት የነበረው ሱቅ ወደ ታች የሚወረድበት ሆነ። ክረምቱ ገና እንደ ገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የመንገዱ ውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፈነና ጎርፉ በቀጥታ ወደ ሱቁ ዞረ።

ባሏ ያን ቀን እቤት ነበር። ከታች የሚንቦጫረቅ ውሃና የሚጎተት ዕቃ ድምፅ ሰሙ። እሷ ብድግ ብላ ጉጠቱን አነሳችና ጣውላ ወደተመታበት የደረጃው በር ሄደች።

«ማን ንቀይ አለሽ?» አላት ባሏ። «ይለምን እንጂ።»

«እሱን ተወው። ጨርቁ ምን አደረገን?» አለችና ምስማሩን መንቀል ያዘች።

በሩ ሲከፈት ዋርሳዋ የተደረደረውን ጥቅል ወደ ጎን ገፍቶ ደረጃው መሀል ላይ ቆሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ ትከሻው ላይ አንድ ጥቅል ሱፍ አለ። ቀና ብሎ አያት።

«ጋሼ፣ ያቀብሉኝ» አለችው።

አቀበላት። ተቀብላ በጥጡ ክምር ላይ አስቀመጠችው፤ ሌላ ተቀበለች። ባሏ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያያቸው ቆየ። በኋላ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ በጓሮው ደረጃ ወርዶ ቤቱን ዞረና በፊት ለፊቱ በር በጎርፉ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች «ያዝ»፣ «ቀስ»፣ «ሱፉን አስቀድም» ከመባባል በቀር ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ውሃው ሲጎድል ታላቅየው ወደ ላይ ወጥቶ ያልተወጠረ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ፎቁን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እርጥብ ሱሪው ላይ ጥጥ ተለጣጥፎበታል። ወለሉን ሲያይ ቆየና፣

«ጆንያ አንጥፈሻል ለካ» አላት።

«አንጥፌያለሁ።»

«መቼ?»

«በረዶ ይጥላል ሲሉዎት የሰማሁ ጊዜ።»

አገጩን አሻሸ። «በሩ ላይ መልሰሽ ጣውላ አትምቺበት» አላትና ወረደ።

ከዚያ ወዲያ በሩ አልተዘጋም። ወንድማማቾቹ ታረቁ ለማለት ግን ያስቸግራል። ሰላምታ ጀመሩ፤ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባሏ ግን እስኪሞት ድረስ በጓሮው ደረጃ ነው የወጣው። ለምን ሲባል «የሠራሁት ልወጣበት ነው» ይል ነበር።

ተሰፍቶ ያለቀለት ልብስ ገበያውን ሲሞላ የጥቅል ጨርቅ ፈላጊ ጠፋ። ታላቅየው የሱቁን ግማሽ ለእሷ ፍራሾች ለቀቀና ራሱ ሻጭ ሆነ። ቀድሞ ሱፉን ያወድስበት በነበረው አፍ ፍራሹን ያወድስ ጀመር። «ይሄ እኮ ከላይ ከራሳችን ቤት ነው የሚወርደው» ይል ነበር፣ አጠገቡ ቆማ ስትሰማው። ሲታመም ያስታመመችውም እሷ ናት፤ የራሱ ልጆች ሩቅ ከተማ ነበሩ።

አሁን ሁለቱም ወንድማማቾች የሉም። ምድሩን ስልክ ጠጋኝ ተከራይቶታል። እሷ ጉልበቷ ደረጃ ስለማይችል ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል ትኖራለች። የስፖንጅ ፍራሽ ከመጣ ወዲህ የጥጥ ፍራሽ የሚያሰፋ ጥቂት ነው፤ ትራስ ብቻ ትሰፋለች። ስለ ስፖንጅ ለጠየቃት ሁሉ «እሱ ፍራሽ ሳይሆን ዳቦ ነው» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ልጇ ሳታማክራት አንድ የስፖንጅ ፍራሽ አስጭና መጣች። እናትየው እያጉረመረመች አልጋው ላይ አስነጠፈች፣ በጡጫዋ መታ መታ አድርጋ ናቀችው። ተኝታበት ስትነሳ ወገቧ አላመማትም። ጠዋት ልጇ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት «እንደ ነገሩ ነው» ብላ ለልጇ ቁርስ አቀረበች።