የነስሩ ስም የተመረመረበት አርብ

ባለፈው አርብ ጠዋት... ዶቶሬ የአንድ በርበሬ ነጋዴ ክንድ ላይ ጨርቅ ሲጠቀልል እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ነጋዴው ነስሩ ይባላል፣ የእንሴኖ ሰው ነው። የጣሊያንን የስልክ ሽቦ ቆርጠሃል ተብሎ ነው የተያዘው።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ጣሊያንኛውን የለመድኩት አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን አናጢ ጋ ስሠራ ነው። እናቴ የመስቃን ሰው ስለሆነች ጉራግኛም እችላለሁ። ጣሊያን ቡታጅራ ገብቶ ቢሮ ሲከፍት ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ የያዘ ሰው ፈለገ፣ እኔን አገኘ... ያው እንጀራ ነው።

ዶቶሬ የምንለው የጦር ሐኪማቸውን ነው። «ውሸት የሚይዝ መሣሪያ አለኝ» ይላል። ጨርቁን ክንድ ላይ ይጠቀልልና አየር ይነፋበታል። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ባለው ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ባዜቃው፣ ያ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ነገር፣ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ያስጠይቃል፤ ስም፣ አገር። ሰው እውነት ሲናገር ደሙ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው አሉ። ቀጥሎ ዋናውን። እዚያ ላይ ባዜቃው ከዘለለ... ዋሽተሃል ማለት ነው።

እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ወልቂጤ ነበር። እዚያ ያስተረጉምለት የነበረ ጓደኛዬ በሰው እንዲህ ብሎ ልኮልኛል፦ «መሣሪያው የሚይዘው ፈሪውን ነው። ሁለት ሰው ወስደውብናል፣ የት እንዳደረሷቸው አናውቅም። እባክህ ተጠንቀቅ።»

ነስሩን አየሁት። አርባውን ያለፈ ሰው ነው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። በልቤ ይሄ ሰው ንጹሕ ነው ብዬ ፈረድኩ። የጣሊያን ሽቦ ለመቁረጥ የደፈረ ሰው እንዲህ አይርድም። ግን ዋናው ጥያቄ ሲመጣ ባዜቃው የት እንደሚደርስም ታወቀኝ።

ያኔ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ...

ዶቶሬ «ስሙ ነስሩ እንደሆነ ጠይቀው» አለኝ።

ዞር ብዬ በጉራግኛ «ጋሽ ነስሩ፣ የስልኩን ሽቦ ቆርጠዋል እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ወላሂ! እኔ የት አውቄው!»

ባዜቃው ሽቅብ ተፈናጠረ። እኔ ኮስተር ብዬ «አዎ፣ ነስሩ ነኝ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

ዶቶሬ ጻፈ። ባዜቃው እስኪወርድ ጠበቀና «አሁን ሽቦውን ቆርጦ እንደሆነ ጠይቀው» አለ።

«ጋሽ ነስሩ፣ ዘንድሮ በርበሬው እንዴት ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን በርበሬ አለ... ዝናብ በዛበት እኮ» አለ። የለመደው ወሬ ስለሆነ ትንፋሹም ረገብ አለ።

«አልቆረጥኩም ይላል።»

ባዜቃው ንቅንቅ አላለም። ራሴን በልቤ ጎሽ አልኩት።

ዶቶሬ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ድንገት ፊቱ በራ። ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ጣሊያን ሹም ዞሮ «ሽቦውን አልቆረጠም» አለ። «ግን ስሙን ዋሽቷል። ይህ ሰው ነስሩ አይደለም!»

ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። ስሙን እየቀያየረ በየገበያው የሚዞር አንድ አርበኛ ሲያፈላልግ ከርሟል። በር ላይ የቆመውን አስካሪ፣ ያንን ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ «እሰረው፣ ሰኞ አዲስ አበባ ይላካል» አለው። አዲስ አበባ የተላከ ሰው ደግሞ ሲመለስ አይተን አናውቅም።

ጥያቄውን አቀያይሬ ነው ብል ሁለታችንም አለቅን። ዝም ካልኩ እሱ አለቀ።

«ጌታዬ» አልኩ። «ዛሬ የቡታጅራ ገበያ ነው። የእንሴኖ ሰው በሙሉ እዚህ ወጥቷል። ማንነቱን ለምን እነሱን አንጠይቅም?»

ሹሙ አስካሪውን ላከ። ብዙም ሳይቆይ ግቢው ሞላ። ጎረቤቱ፣ ቆጮ ሻጯ፣ አብሮት የሚነግደው... አንድ በአንድ እየገቡ «ወላሂ ነስሩ ነው» እያሉ ማሉ። አንድ ሽማግሌማ «ስም ሲወጣለት ነበርኩ፣ የታረደው በግ ራሱ ትዝ ይለኛል» አሉ። መጨረሻ ላይ ሚስቱ ገባች።

«እሱ ነስሩ ካልሆነ፣ ሰባቱን ልጆች ከማን ነው የወለድኳቸው?»

ይቺን ስተረጉም ሹሙ ሳቁ አመለጠው። ዶቶሬ ግን አልሳቀም፣ «ሴትዮዋንም ልለካት» አለ። ሹሙ «በቃ! ሳጥንህን ዝጋ!» ብሎ ጮኸበት። ነስሩ ያኔውኑ ተለቀቀ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ አህያውን እየነዳ መንገድ ላይ አገኘሁት። ያመሰግነኛል ብዬ ፈገግ አልኩ... እሱ እቴ!

«አንተ ልጅ፣ አገር ሙሉ ሰው በእኔ ስም ማለ። መሐላ ቀላል ነገር መሰለህ?»

«ሕይወትዎን ላተርፍ ብዬ እኮ ነው ጋሽ ነስሩ!» አልኩና ጥያቄውን ለምን እንዳቀያየርኩ፣ ዶቶሬ ምን ሊል ይችል እንደነበር ሁሉንም ነገርኩት።

አህያውን እየነዳ ሰማኝ። ከዚያ «ለሽቦው ጥያቄ እኮ ታስሬ ሦስት ቀን ሙሉ ስዘጋጅ ነው የሰነበትኩት» አለ።

ስዘጋጅ? ንጹሕ ሰው ምኑን ነው የሚዘጋጀው? ያን ሁሉ ያደረግኩት ይሄ ሰው አልቆረጠም ብዬ ነበር...

ግራ ቀኝ አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቆርጠውት ነበር እንዴ?» አልኩት።

አህያውን አቆመ። አልተቆጣም፣ አልደነገጠም። ትክ ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣ አዎ ብልህ... አሁን ቢሮ ስትገባ ምን ታደርገዋለህ?»

ግንባሬን በእጄ ጠረግኩ። እሱም አህያውን «ሂድ!» ብሎ ሄደ። እኔም ቢሮ ገባሁ።

ሥራዬ ጥያቄ ማቀበል ነው... ሰው ሲጠየቅ እንዴት እንደሚያልበው ግን ገና ዛሬ ገባኝ።