ያለምዘውድ ጫማዋን አላወለቀችም

ያለምዘውድ ምትን የተማረችው ከሸክላ ነው። ጎንደር አጠገብ በነበረው መንደራቸው እናቷ ማሰሮ ትሠራ ነበር። ማሰሮው ከእሳት ወጥቶ ሲበርድ በጣቷ ታንኳኳዋለች፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ልጅቷ ደህናዎቹን ደርድራ እየመታች ትውላለች። በበዓል ቀን እነሱ መስጊድ ከሚሉት የአይሁድ ጸሎት ቤታቸው የቄሶቹ ነጋሪት ሲሰማም ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ምቱን በጭኗ ላይ ትከተላለች።

የመንደሩ የሰርግ ከበሮ የአክስቷ የአምሳለች ነበር። አምሳለች ማንገቻውን አንድ ቀን በያለምዘውድ አንገት ላይ አጠለቀችውና ሁለቱ እየተቀባበሉ ይመቱ ጀመር። ክርስቲያን ጎረቤቶችም ሲድሩ ይጠሯቸዋል። እስኪደክማቸው ያስመቷቸውና ሲሄዱ “ቡዳ ናቸው” እያሉ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ያለምዘውድ ያን ጊዜ የያዘችው ቂም ዛሬም አለቀቃትም።

በሱዳን አድርጋ እስራኤል የገባችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 መጀመሪያ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ቤት አገኘች፤ ፋብሪካ ማጽዳትም ጀመረች። ከግድግዳው ማዶ ኤስቴር የሚባሉ የየመን አይሁዳዊት ይኖራሉ። ኤስቴር ሲዘፍኑ ባዶ የዘይት ጣሳ ይመታሉ። ምቱ ስብርብር ያለ፣ ባልጠበቁት ቦታ የሚወድቅ ነው። ያለምዘውድ አንድ ቀን ብረት ድስቷን ይዛ በራቸውን አንኳኳች። ዕብራይስጧ ገና ነበር፤ ግን ብዙም ማውራት አላስፈለጋቸውም።

የኤስቴር የልጅ ልጅ ናፍታሊ የሰርግ ባንድ ነበረው። የሚለማመዱት ከሕንፃው ሥር ባለው ሚክላት፣ ለቦምብ መጠለያ በተሠራው ክፍል ነው። ድራመራቸው ለሚሉዪም፣ ለተጠባባቂ ወታደርነት፣ ወደ ጦር ሠራዊቱ ሲጠራ ኤስቴር የያለምዘውድን እጅ ይዘው ወረዱ።

“ይቺ ትመታላችኋለች” አሉ።

ናፍታሊ ሳቀ። ያለምዘውድ ተቀመጠች። ከበሮን በእግር መምታት እንግዳ ሆኖባት ቀኝ እግሯ ለብዙ ቀን አስቸገራት። በኋላ ግን የአምሳለችን የእስክስታ ምት ከጣሳው ምት ጋር አዋሕዳ ስታመጣው የሳቀው ሰውዬ ራሱ እንድትቀር ጠየቃት። ዓመት ሙሉ በየአዳራሹ አብራቸው ሠራች።

በ1987 ለአዲስ መጤዎች ክብር ዝግጅት ተደረገና ባንዱ ተጠራ። አዘጋጇ ሴትዮ ልምምድ ላይ መጣች። ያለምዘውድን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ለናፍታሊ ተናገረች፤ ልጅቷ እዚያው ቆማ እያለች።

“ድራሙ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ። እሷ ከፊት፣ በባዶ እግሯ፣ ከበሮ አንግታ ትዝለል። ከኋላዋ የሣር ጎጆ እንሠራለን።”

“በሰደር” ብሎ ናፍታሊ ተስማማ።

ሴትዮዋ ስትወጣ ያለምዘውድ ወደ እሱ ዞረች።

“ለሰርግ በባዶ እግሬ ወጥቼ አላውቅም። ያገሬ ሰው ለሰርግ ያለውን አጥቦ ነው የሚለብሰው።”

“አንድ ምሽት ናት፤ ምን ቸገረሽ?”

“አያትህን በባዶ እግርዎ ጣሳ ይዘው ይዝለሉ ትላቸዋለህ?”

ያለምዘውድ ሱዳን በረሃ ውስጥ ጫማዋ እግሯ ላይ አልቆ በእሾህ የሄደች ሴት ናት። ያ መከራ ለእንግዶች መዝናኛ ይሁን ተባለ።

በዝግጅቱ ቀን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ቀጥታ ድራሙ ላይ ተቀመጠች። ማንም ሊያነሳት አልደፈረም። መምታት ስትጀምር ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የጎንደር ሰዎች ተነሥተው እስክስታ ይወርዱ ጀመር። አዘጋጇ የመድረኩን መብራት እንዲያጠፋ ለቴክኒሻኑ ስትነግረው ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ የጊታሩና የዘፋኙ ድምፅ ጠፋ። ድራም መብራት አይፈልግም። ያለምዘውድ እስኪበቃት መታች።

በማግሥቱ ናፍታሊ “እንጀራችንን ዘጋሽው” ብሎ ከባንዱ አስወጣት። ኤስቴር የልጅ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ቤታቸው አላስገቡትም።

ያለምዘውድም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ማሲንቆ ከሚመታው ቢራራና ከዘፋኟ ፋንትነሽ ጋር ሆና ለወገን ሰርግ ትሠራ ጀመር። ሥራ በዛላት። ሰው ሲያመሰግናት ደስ ይላታል። ያንን ምሽት የሚያነሣባት ከመጣ ግን ፊቷ ይለወጣል፤ “ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም” ትላለች።