የእትዬ ዘርፉ ስኒ እና የመንግሥት ዝናብ

ይሄን ነገር ለሰው ካልነገርኩ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄዱ፣ ደራን አለፍ እንዳላችሁ፣ መንገድ ዳር የተቀደደ ጃንጥላ ዘርግታ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችኋል፤ እንዲያውም ገዝታችሁ ይሆናል። እሷ ናት እትዬ ዘርፉ። ይቺ ሴትዮ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በአንዲት ስኒ ውሃ የአንድ ቀበሌ አየር ንብረት ቀይራለች። ስንት የተማረ ሰው ስብሰባ እየተቀመጠ ያቃተውን ማለት ነው። ስሙኝማ።

ሰፈሯ ቡርቃ ጎጋ ይባላል። በኦሮምኛ የደረቀ ምንጭ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሽማግሌዎች ከመንግሥት ቀድመው ጥናቱን ጨርሰውት ነበር፤ የሰማቸው የለም እንጂ። ውሃ የሚመጣው ከደራ በአህያ ነው። አህያዋ ደግሞ የእትዬ ዘርፉ ጎረቤት የሃፍሳ ናት፤ በጄሪካን እየጫነች ለሰፈሩ ታመላልሳለች። አህያዋ የታመመች ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይታመማል።

የእትዬ ዘርፉን ጠባይ መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የሰው ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም። እናቶቻችን ሁሉ እንደዛ ናቸው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን ሲመለስ ነውር ነው። የእሷ ግን ለጉድ ነው። ወንፊት ከተዋሰች ሽምብራ አድርጋበት ነው የምትመልሰው። አንዴ ከቀበሌው ሊቀመንበር ከጉተማ ቤት ዲጂኖ ተዋሰች። ዲጂኖ እንግዲህ ምን ይደረግበታል? ጫፉ ላይ ሽንኩርት አሰረችበትና መለሰች። ጉተማ ሽንኩርቱን ፈትቶ በላ፤ ከዛ ወዲህ "እትዬ፣ ዲጂኖ አያስፈልግሽም?" እያለ ይጠይቃታል ይባላል።

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ዲበኩሉ የሚባል ልጅ በሞተር መጣ። ከአዳማ ነው፤ እኛ ሰፈር ዝናብ ቢሮ ብለን ከምንጠራው መሥሪያ ቤት። አንገቱ ላይ ባጅ፣ እግሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ጫማ። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ አፉ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ዕቃ ይዞ መጥቶ እትዬ ዘርፉ ግቢ መሃል እንጨት ላይ ተከለው።

"ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ውስጥ ይጠራቀማል" አላት። "ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ እለካለሁ። እርሶ ፍየል እንዳይገፋው ብቻ ይጠብቁልኝ።"

"ዕቃው ያንተ ነው ልጄ?"

"የመንግሥት ነው።"

"በውሰት ነዋ እኔ ጋ የሚቀመጠው።"

"ያው፣ እንደዛ ይበሉት" አለ ልጁ።

ምን ነበረበት ይሄን ባይል።

ክረምቱን ሁሉም ሰላም ነበር። ዲበኩሉ ይመጣል፣ ዕቃውን ያወርዳል፣ ውሃውን መስመር መስመር ባለው ብርጭቆ ይለካል፣ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ፈገግ ይላል። እትዬ ዘርፉም ዕቃው ሞልቶ ስለተመለሰ ኮራ ትላለች፤ ራሷ ያዘነበችው ነው የሚመስለው። ከዛ ጥቅምት ወጣ፣ ሰማዩ ተዘጋ። አንድ ሐሙስ ዲበኩሉ ዕቃውን ገልብጦ አየና "ዜሮ" አለ። በሚቀጥለውም "ዜሮ"። ሲሄድ ፊቱ ለቅሶ ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ልጁ እንኳን ያዘነበት ሌላ ምክንያት ይኖረዋል፤ ምናልባት ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶበት ይሆናል። እትዬ ዘርፉ ግን ገባኝ አለች። መንግሥትን ያህል ነገር ዕቃ አውሷት፣ ከአዳማ ድረስ ሰው እየላከ፣ እሷ ባዶውን ትመልሳለች። ያውም በየሳምንቱ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ከጄሪካኗ አንድ ስኒ ቀዳችና የቆርቆሮው አፍ ላይ ጠብ አደረገችው።

ዲበኩሉ መጣ። ዕቃውን አየና ፊቱ በራ። "ዘንቦ ነበር እንዴ?"

"እግዜር የሰጠውን ነው እንግዲህ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ አስቡት፣ ልጁ ቀና ብሎ ሰማዩን አላየም። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አላየም። አቧራው ግን ጫማውን አይቶታል፤ ነጭ አድርጎ ነው የሸኘው።

እንዲህ እንዲህ እያለች ሰነበተች። አንድ ቀን ሃፍሳ ጄሪካን ልታስረክብ ገባች፣ እጅ ከፍንጅ ያዘቻት።

"ያ ረቢ፣ ዘርፉ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንቺ ቆርቆሮ ታጠጫለሽ?"

"ቀስ በይ፣ የሰው ዕቃ ነው።"

"አህያዬ ከደራ ወገቧ እየተቀነጠሰ ያመጣችውን?"

"አንድ ስኒ ናት እኮ።"

"እሱን ለአህያዬ ንገሪያት።"

"እና ምን ላድርግ ሃፍሳ? እንግዳው ከአዳማ መጥቶ ባዶ ዕቃ ይዞ ይሂድ?"

ሃፍሳ ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠች። እሷም ያደገችው በዛው ወግ ነው። ቆርቆሮውን ዞር ዞር ብላ አየችው። "ግን" አለች ቀስ ብላ፣ "ለእንግዳ አንድ ስኒ አታንስም?"

ከዛ ሳምንት ጀምሮ ቡርቃ ጎጋ ሁለት ስኒ መዝነብ ጀመረ።

አዳማ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቢሮው ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ካርታ አለ። የደረቀው ቦታ ቀይ ነው፣ ዝናብ ያገኘው አረንጓዴ። ዙሪያው በሙሉ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ መሃሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቁጭ ብላለች። ቡርቃ ጎጋ ናት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ምን ይላል? አንድ ሰው ሄዶ ይየው ይላል አይደል? እነሱ ግን አልሄዱም፤ ጥናት ሠሩበት።

መጋቢት ላይ በልጉ ቀረ። የዛኔ ነው የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው መኪና ወደ ወረዳው መጣ የሚባለው ወሬ የደረሰው። ሰፈሩ በተስፋ አበደ። ጉተማ "አንደኛ እኛ ነን፣ ጨርሼዋለሁ" እያለ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እትዬ ዘርፉም ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታ በልቧ መርጣ ጨርሳለች። ሃፍሳማ አህያዋን "ትንሽ ቀረሽ እናቴ" ትላታለች።

የስብሰባው ቀን ሰው ሁሉ ግራሩ ስር ተሰበሰበ። አቶ ነጋሳ የሚባሉ ኃላፊ ከአዳማ በመኪና መጡ። ዲበኩሉ ጄኔሬተር አስነሳ፣ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ፣ ካርታው አንሶላው ላይ በራ። አቶ ነጋሳ "አካም ጂርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የአየር ንብረት ለውጥ አካባቢውን በሙሉ ሲመታ" አሉ፣ "ቡርቃ ጎጋ ግን ተቋቁማዋለች። ይቺ አረንጓዴ ነጥብ እናንተ ናችሁ። ይሄ የእርከን ሥራችን ውጤት ነው። ተሞክሮው ተቀምሮ ወደ ሌሎች ይሰፋል።"

ጉተማ አጨበጨበ። እርከን ተሠርቶ አያውቅም፤ ለእርከን ተብሎ ግን ብዙ ተሰብስበናል።

"ስለዚህ የቁፋሮው መኪና ቀይ ወደሆኑት ጎረቤቶቻችሁ ይሄዳል፣ እዛ ሲጨርስ ከወረዳው ይወጣል። ለእናንተ ደግሞ ከዝናቡ ብዛት የተነሳ ጎርፍ ስለሚያሰጋችሁ፣ ቦቲ ጫማ ይዘንላችሁ መጥተናል።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኑሬ የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "ይቅርታ ጌታው፣ ዝናቡ የት ነው የዘነበው?"

"ዳታው ላይ አለ አባቴ።"

"አሃ። እኛ ሜዳው ላይ ስንጠብቀው ነዋ ያለፈን" አሉና ተቀመጡ።

እትዬ ዘርፉ ያን አረንጓዴ ነጥብ አይታ ላብ አጠመቃት። ያ ነጥብ ስኒዋ ነው። የሰፈሩን ውሃ ቆርቆሮ ውስጥ ያንቆረቆረችው እሷ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

"ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ዝናብ አይደለም። ዕቃችሁን ባዶውን መመለስ አፍሬ በስኒ ውሃ እያደረግኩበት ነው።"

አቶ ነጋሳ በአዘኔታ ፈገግ አሉ። "እናታችን፣ ሳይንስ በስኒ አይታለልም።"

"በአንድ ስኒ አይደለም" አለች ሃፍሳ ከኋላ፣ "በሁለት ነው። አንዱ የኔ ነው።"

ሰው ሳቀ። አቶ ነጋሳ አልሳቁም። "ዳታው ተረጋግጦ ወደ ላይ ሄዷል። ወደ ላይ የሄደ ነገር ደግሞ አይመለስም።"

"የኛም ደመና እንደዛ ነው ያደረገን" አሉ አባ ኑሬ። በዚሁ ስብሰባው አለቀ፤ ቦቲው ታደለ። በነጋታው ቡርቃ ጎጋን ብታዩ፣ ልጅ አዋቂው እስከ ጉልበቱ ጎማ ተጫምቶ አቧራ ላይ ይራመዳል። የሃፍሳ አህያ ብቻ ናት ባዶ እግሯን የቀረችው።

ዲበኩሉ ከሰው ተደብቆ ወደ እትዬ ዘርፉ ግቢ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እትዬ ዘርፉ፣ ምነው ገደሉኝ?"

"አንተስ ምነው አላየህም ልጄ? ይሄ መሬት የዘነበበት ይመስላል?"

"የኔ ሥራ ዕቃውን ማየት ነው፣ መሬት የሚያይ ሌላ ክፍል አለ።" ዙሪያውን አየት አደረገና "እባኮትን ባንዴ አያቁሙት" አላት። "ጥርጣሬ ያመጣል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ..."

"እስክቀንስልህ መኪናው ይሄድብናል። ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ የለም።"

ማለቱ ቀላል ነው። ሐሙስ ሲደርስ ግን እትዬ ዘርፉ ስኒዋን አንስታ፣ መልሳ አስቀምጣ፣ ደግሞ አንስታ፣ መጨረሻ ላይ ለሃፍሳ ሰጥታ "ይሄን ከፊቴ አርቂልኝ" አለች። ልጁ ባዶውን ዕቃ ሲያወርድ ላለማየት ጓዳ ተደበቀች። ግን አላስችላት አለ። ሮጣ ወጥታ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። "ዕቃው ባዶ ነው፤ አንተ ግን ባዶህን አትሂድ።"

ዜሮ ሆነ። የሚቀጥለውም ዜሮ። ቢሮው ግራ ተጋባ። አረንጓዴ የነበረ ቦታ እንዴት ባንዴ ዜሮ ይሆናል? ተሰብስበው መከሩ፤ ቡርቃ ጎጋ ደርቃ ይሆናል ያለ አንድ ሰው እንኳን አልተገኘም። መሣሪያው ተበላሽቷል ተባለ። ዝናብ ያልዘነበበት ቆርቆሮ ሊጠገን መኪና ተላከለት።

እትዬ ዘርፉ መኪናውን ስታይ ገባት፤ ውሰቱ ሊመለስ ነው። ሰዎቹ እንጨቱን እስኪነቅሉ ድረስ የዛን ቀን ልትሸጠው ያሰናዳችውን ቆሎ ይዛ መጣችና ቆርቆሮውን እስከ አፉ ሞላችው።

"ይሄ ምንድነው?" አላት ሹፌሩ።

"የሰው ዕቃ ነው። ተመለሰ።"

ሹፌሩ አዳማ እስኪደርስ ዳታውን በልቶ ጨረሰው ይባላል።

አሁን ነው ጉዱ። ማታውኑ ዲበኩሉ ስልክ ደወለ፣ ድምፁ ተለውጧል። "እትዬ ዘርፉ፣ መሣሪያ የሌለበትን ቦታ ኮምፒዩተሩ የጎረቤቱን ቀለም ነው የሚቀባው። ቀላችሁ።"

"ቀላን?"

"በርበሬ ናችሁ።"

ሰፈሩ እልል አለ። ሰው በመድረቁ እንደዛ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ጎረቤት ቀበሌ ጨርሶ ሊወጣ ሞተሩን ያስነሳው የቁፋሮ መኪና ተመለሰና ወደ ቡርቃ ጎጋ ታጠፈ። እትዬ ዘርፉ በልቧ የመረጠችው ቦታ ላይ ባይሆንም፣ ብዙም ሳይርቅ ቆፈረ። ቀን ሙሉ ጮኸ፣ መሬቱን አንቀጠቀጠው፤ ከዛ ጭቃውን ወደ ላይ ተፋው። ያኔ ነው ቦቲው ሥራ ያገኘው፤ ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጨፈረ። ሃፍሳ አህያዋን ይዛ መጥታ ውሃውን አስነካቻት።

ቧንቧው ሲመረቅ አቶ ነጋሳ መጥተው ሪባን ቆረጡ። "በዳታ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ማለት ይሄ ነው" አሉ። ጉተማ አጨበጨበ። እትዬ ዘርፉ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ሃፍሳ በክርኗ እየጎሸመቻት።

ምርቃቱ እንዳለቀ ዲበኩሉ ከመኪናው ኋላ ቆርቆሮውን አወጣ። ተጠግኖ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ መጥቷል። "እትዬ ዘርፉ፣ ቦታው ላይ ልመልሰው?"

"ተው ልጄ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ባዶ መሸኘት አልችልም።" ዙሪያውን አየችና በአገጯ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት አመለከተችው። "ጉተማ ግቢ ትከለው። እሱ ጋ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሁሉ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ዝናቡን በትክክል ይለካልሃል።"

እና ዛሬ ቆርቆሮው እዛ ነው ያለው። እናንተስ? ሰፈራችሁ ወረቀት ላይ ጠግቦ፣ ወይ ወረቀት ላይ ለምልሞ፣ እናንተ ደጃፋችሁ ላይ ቆማችሁ "የት ነው?" ያላችሁበት ጊዜ የለም? እስቲ አውሩኝ፣ የናንተን ነጥብ አረንጓዴ ያደረገው የማን ስኒ ነበር?