ጣሳ ውስጥ የቀረው ቆርኪ

ስለ ኩማ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማነሳው ግድግዳውን ነው። ቢሯችን አንድ ነበር፤ ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ተፋጠው ስድስት ዓመት አስተምረናል። ከራሱ በላይ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብሎ በማርከር ጽፎ ለጥፏል። «አንተ ጴንጤ፣ ጠጅ ምን አገባህ?» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

«ጠጁን ተይውና ምሳሌውን ያዢ፣ ፌቨን» ይለኛል።

ምሳሌ ለእሱ ቀልድ አልነበረም። የቱላ ገበሬ ልጅ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱን የጀመረው ብዙ ኮምፒዩተሮች አለቃ ሳይኖራቸው በኔትወርክ ተያይዘው አንድ ሥራ እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ለማወቅ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዝም ቢል ሌሎቹ ሞቷል ይበሉ ወይስ ዘግይቷል? ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ያው ዝምታ ናቸው። ኩማ መልሱን ከሰው ኑሮ መፈለግ አማረው። ሰዎች ይህንን ችግር እንዴት እንደሚፈቱት አይቶ፣ የእነሱን ዘዴ የሚከተል ፕሮግራም ሊሠራ ተነሳ። ጥናቱ ሁለት ዓመት ተጓትቶበት ስለነበር አማካሪው «ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለህም» ብሎታል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ እሱንም አይወስደውም።

ምሳሌ ፍለጋ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረደ። ሁላችንም ዓሣ ልንበላ እንወርዳለን፤ እሱ ደብተር ይዞ ነው። እዚያ እማማ ገበያነሽን አገኘ። እማማ ገበያነሽ ዓሣ አጽድተው የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ከጎናቸው የዱቄት ወተት ጣሳ አይጠፋም። ጀልባ ይዞ የሚወጣ ሁሉ የየራሱን ምልክት የጫረበት የለስላሳ ቆርኪ አለው። ሲወጣ ጣሳው ውስጥ ይጥላል፣ ሲመለስ ያነሳል። ከሰዓት በኋላ መረብ ሊጥሉ ከወጡት የአንዱ ቆርኪ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተነሳ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ዳር ላይ ያለ ጀልባ ሊፈልገው ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጠፋ የተባለው ሰው በሌላ በኩል ወርዶ ዓሣውን ሲሸጥ ይገኛል። ይሰድቡታል፣ ይስቁበታል፣ በነጋታው ያው ቆርኪውን ይጥላል።

ኩማ በዚህ አሠራር ጉድለት አየ። አንድ ጊዜ እማማን ወባ ሦስት ቀን ሲጥላቸው ጣሳውም አብሮ ቤት ዋለ፤ በነዚያ ቀናት ማን ገባ ማን ቀረ የሚያውቅ አልነበረም። «ሁሉም ነገር አንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው ሲወድቁ ሁሉም ይወድቃል» አለኝ። ውሸት አልነበረም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ስድስት ስድስቱን ጀልባ በቡድን አደረገ። አንዱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መግባቱን ካላሳወቀ ለቀሩት አምስቱ በስልካቸው «አይተኸዋል?» የሚል መልእክት ይመጣል። ያየ አንድን፣ ያላየ ሁለትን ይጫናል። ከአምስቱ ሦስቱ አይተናል ካሉ ፕሮግራሙ «ደህና» ይላል፤ ካላሉ ለሁሉም የፍለጋ ጥሪ ይልካል።

ረቂቁን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ አልኩት። ጽሑፉን የላከለት የምርምር ጉባኤም ወደደው፤ «መቶ ቀን ያለ ስህተት እንደሚሠራ አሳየን» ብለው ጻፉለት። በከንቱ የወጣ ፍለጋም እንደ ስህተት ይቆጠርበታል።

ዘጠና ሰባተኛው ቀን ሐሙስ ነበር፤ እኔም አብሬው ወርጃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ። ዓሣ አስጋሪዎቹ በውሃ ርሰው እየተሳደቡ አንድ በአንድ ገቡ። የእማማ ገበያነሽ ልጅ አሸናፊ ግን አልገባም። ቆርኪ መጣል ከቀረ ሦስት ወር አልፎታል፤ አሸናፊ ብቻ እናቱ ደስ እንዲላቸው ብሎ በየቀኑ ይጥል ነበር።

መልእክቱ በየስልኩ ጮኸ። የቡድኑ ሰዎች እማማን ከበው ቆመዋል፤ እሳቸው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ያያሉ።

«አይታችሁታል አይደል?»

ከአምስቱ ክብሩ በእርግጥ አይቶታል፤ ግን ሲወጡ ነው። ማቴዎስና ሰኢድ ጭራሽ አላዩትም። እናት አፍጥጣ እያየች ሁለትን የሚጫን ጣት ከየት ይመጣል? እኛ እኮ የሞተውን እንኳ «ትንሽ አሞት ነው» የምንል ሰዎች ነን፤ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ካልሆነ አንናገርም።

«ከኋላችን ነበር እማማ፣ እየመጣ ነው» አሉ። ሦስቱም አንድን ተጫኑ።

የኩማ ላፕቶፕ ላይ «አሸናፊ፦ ደህና» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ።

እማማ ጣሳቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቆርኪው አልተነሳም።»

«እማማ፣ ሦስት ሰው አይቶታል። ትንሽ ይታገሱ» አላቸው።

ሄደው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ መጡና ጣሳውን ነቀነቁት፤ ውስጡ አንድ ቆርኪ ብቻ ተንኳኳ። «አሁንም አለ፣ ልጄ።» ኩማ ሐይቁን አየ፤ ቀጥሎ ላፕቶፑን አየ። መቶ ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቷል። ምን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ።

«ነፋሱ እስኪበርድ አንድ ዳር ተጠግቶ ይሆናል። ፕሮግራሙ እስካሁን ተሳስቶ አያውቅም፣ እማማ።»

እኔ ደግሞ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ደህና ይላል እኮ» አልኳቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጥሩ ብርሃን ነበር። እማማ አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲህ እናንተ ናችሁ የተማራችሁት» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ክብሩ አላስችል አለው። «እኔ እኮ ያየሁት ስንወጣ ነው» አለ። ሌሎቹ ወደ ጀልባቸው ሮጡ። ጀልባዎቹ የወጡት ያኔ ነው፤ ወዲያው ጨለመባቸው። አሸናፊን ያገኙት በማግስቱ ጠዋት ነው። ክንዱን በመረቡ ገመድ ከተገለበጠው ጀልባ ጋር አስሮ ነበር፤ ገመዱ ሥጋውን በልቶታል። ስንት ሰዓት ሲታገል እንደቆየ ያን ክንድ ያየ ሁሉ ገብቶታል።

ሽማግሌዎች ሊያረዷቸው ሲሄዱ እማማ ጣሳቸውን ታቅፈው ደጃፍ ላይ ነበሩ። «አትድከሙ፣ ይሄ ትናንት ነግሮኛል» አሏቸው።

በኩማ ተናደድኩ። አሁንም እናደድበታለሁ፤ ከዚያ የራሴ ቃል ትዝ ይለኛል። እሱ ግን አልተከራከረም። ጉባኤው የመጨረሻውን ውጤት ላክ ሲለው አልላከም። አንድ ቀን ቢሮ ስገባ ወረቀቱ ከግድግዳው ወርዷል፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ለእኔ ትቶልኛል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ በእጁ ጽፎበታል፦ «ኮምፒዩተር ይሞታል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይዋሻል። ለሰው አዝኖ ግን አይዋሽም። ይህን ማሰብ ነበረብኝ።»

ቱላ አባቱ ቤት ከገባ በወሩ ደወለልኝ። ይቅርታ ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ እማማ ዘንድ ሊሄድ ነው፤ አብሬው ሄድኩ። እማማ ወንበር አቅርበው አስቀመጡን። ከስተዋል። ጣሳው መስኮቱ ላይ አለ፤ ዓሣ ገበያ መውጣት ትተዋል። ሽማግሌው ተናግረው ሲጨርሱ ኩማ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ተነሳ፤ ትከሻውን ይዘው ከለከሉት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ጌታም ይቅር ይበልህ» አሉት። ጸለይን። ልንወጣ በሩ ጋ ስንደርስ ጠሩት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሦስት ሰው አይቶታል አልከኝ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ መጥቼ አልተመለሰም አልኩህ። እኔን ከስንት ቆጠርከኝ?»

ኩማ ከደጃፉ ወደሳቸው ዞረ። እማማ ሳይቆጡ፣ ፊቱን እያዩ መልሱን ጠበቁ። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አውቀዋለሁ። የሳቸው ስም የትም የለበትም።