ባለ ከዘራው እና የጠፋችው ኳስ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። አባቴ አይዘጋም ስላሉ ቻርጅ እያደረግሁ እዚያው አኖረዋለሁ። አወጣሁት። መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ሐሳባቸውን በሚጽፉበት ገጽ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት በዕብራይስጥ ጽፋለች። «አሽዶድ ላሉት የአግዳሚው ሽማግሌዎች» ትላለች፤ «መጽሐፉን ዘግይቼ አነበብኩት። የእናንተን አስተያየት ግን ከመጽሐፉ ይበልጥ ወደድኩት። መጨረሻውን ሳልሰማ አልፈርድም ያሉት አባት በመጨረሻ ምን አሉ?»

መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ሰላምታውን ጻፍኩ፤ መልሼ አጠፋሁት። እንደ ወንድሜ ነገር ማሳመር አልችልም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ግን ነገሩ የሆነው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ልሞክረው።

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ፣ ሰንበት ነበር። እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሕንፃችን ሥር፣ ቀለሙ የተላጠ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ከምኩራብ መልስ ምሳ ተበልቶ የባሕሩ ነፋስ ብቅ ማለት ሲጀምር ሽማግሌዎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። አባቴ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ከዳር ይቀመጣሉ፤ ጎረቤታችን አባ መኮንን ከመሀል። እማማ ዝናሽ ከወንድ ጋር አልጋፋም ብለው ከቤታቸው ባወረዱት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ናቸው፤ ከላይ ከሰው ቤት ሚዝጋን፣ ከአየር ማቀዝቀዣው፣ ውኃ ጠብ ጠብ ሲልባቸው ወንበሩን ትንሽ ይገፋሉ እንጂ አይነሡም። ከሁሉም ልብስ የሰንበት ዳቦ ይሸታል። ወንድሜ አስማማው መሀላቸው ቆሞ መጽሐፉን ይከፍታል።

ያ መጽሐፍ ቤታችን የገባው በስሕተት ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሰዎች ያነበቡትን መጽሐፍ የሚተዉበት መደርደሪያ አለ። አስማማው ከወደብ ሥራው ሲመለስ አነሣው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሽበታም ሽማግሌ በዱላ ተደግፎ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ቆሟል። አባቴ አገላብጠው አዩትና «ይኼ የአገር ሽማግሌ ነው፤ ምን እንዳለ አንብብልን» አሉ። ሲነበብ ሰውየው በጎልፍ ዓለምን ያስደነቀ ተጫዋች ሆኖ ተገኘ፤ ዱላውም ኳስ መምቻ። ነገር ግን ንባቡ ተጀምሯል። የሰው የሕይወት ታሪክ መሀል ላይ ማቋረጥ ነውር ነው ተባለ፤ ሰውየውም ከዚያ ወዲህ ባለ ከዘራው ሆኖ ቀረ።

አስማማው አንዱን ዓረፍተ ነገር በዕብራይስጥ በከንፈሩ ያነበዋል፤ ቀና ይላል፤ ከዚያ በጎንደር አማርኛ ይተርከዋል። በእሱ አፍ ባለ ከዘራው ከመናገሩ በፊት እንዴት ሰነበታችሁ ይላል፤ ሲሸነፍ «ተወው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ዱላውን የሚሸከምለት ሌላ ሰው እንዳለ ሲነግራቸው አባቴ በከዘራቸው መሬቱን መቱት።

«ዱላውን የሚያሸክም ሰው! ታዲያ ምኑን ሊደገፍ ነው?»

«ዱላውን ተዉትና ሚስቱስ?» አሉ እማማ ዝናሽ። «ይኼን ሁሉ አገር ሲዞር ልጆቹን ማን አሳደገለት? አስሜ፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው እስቲ፤ የሷ ምዕራፍ የታለ?»

«የላትም፣ እማማ።»

«እንግዲያው መጽሐፉ ግማሽ ነው።»

ትልቁ ክርክር ግን የተነሣው ስለጠፋ ኳስ ነው። ኳስ ሣር ውስጥ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ይተዋል፤ ጨዋታው በሌላ ይቀጥላል፤ ደንቡ እንዲህ ነው ሲላቸው አባ መኮንን ከአግዳሚው ተነሡ። «ማን ነው ይኼን የደነገገው? የጠፋ ነገር እንዲህ ይተዋል?» አባ መኮንን ወደዚህ አገር ሲመጡ በሱዳን መንገድ ታናሽ ወንድማቸው ጠፍቶባቸዋል። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ሲያገኙ ይጠይቃሉ። ማንም አልሳቀም።

በሰንበት ስልክ አይነካም። ስለዚህ የሌሎቹ አንባቢዎች ሐሳብ የሚሰማው ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ የመንገዱ መብራት ሲበራ ነው። ሽማግሌዎቹ እነዚያን ሰዎች ማዶ ሌላ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ አድርገው ነበር የሚያስቧቸው፤ ለእያንዳንዱ በተራ መልስ መስጠት ግድ መሰላቸው። አንዱ «ሣር፣ ሣር፣ ሣር ብቻ፤ አሰልቺ መጽሐፍ» ብሎ ነበር።

«ርቦት ነው ያነበበው» አሉ እማማ ዝናሽ። «በልቶ እንደገና ይጀምረው በለው።»

ሌላው ወጣት ነው፤ ከአባቱ ጋር ይጫወት እንደነበር፣ አባቱ ከሞቱ በኋላ መጽሐፉን እያለቀሰ እንዳነበበ ጽፏል። አባ መኮንን «መጀመሪያ ለእሱ ጻፍ» አሉ። «እግዜር ያጥናህ በለው። ሌላው ይደርሳል።» አስማማው ሁሉንም በዕብራይስጥ አድርጎ ጻፈው፤ ከሰላምታው እስከ ለቅሶ መድረሱ። ሰዎች መለሱላቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አመሰገነ፤ ስለ ሚስትየው ምዕራፍ እማማ ዝናሽን የደገፉ ሴቶችም ብቅ አሉ። እማማ ዝናሽ ያን ሳምንት ደረጃውን ሲወጡ እንኳ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

አባቴ ብቻ አስተያየት አልሰጡም። ሲጠየቁ «መጨረሻውን ሳልሰማ አልፈርድም» ይላሉ። አስማማው እሱንም ጻፈው።

እማ ስትሞት እኔ ገና ጋን፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የምሄድ ሕፃን ነበርኩ። ፊቷን የማስታውሰው ከፎቶ ነው። ያሳደገኝ አስማማው ነው ብል አባቴም አይቀየሙኝም። ጠዋት ፀጉሬን በውኃ የሚያስተኛው፣ ሳንድዊቼን ቸኮላታ ቀብቶ የሚጠቀልለው፣ በክረምት ከሮቫ ዳሌት ጎርፍ በትከሻው የሚያሻግረኝ እሱ ነው። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር አባቴን ይዞ ይመጣል። አስተማሪዋ «ክፍል ውስጥ አፉን አይዘጋም» ስትል አስማማው ፊቱን ሳይለውጥ በአማርኛ «ልጁ ከሁሉም ጋር ይግባባል አለች» ይላቸዋል፤ አባቴም ብድግ ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ፤ ሴትዮዋ ግራ ይገባታል፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። የእኔን ዓለም ለአባቴ ያሳየው በዚህ ዓይነት ነው፤ ከእውነቱ ትንሽ አሳምሮ። ለካ ባለ ከዘራውንም እንዲሁ ነበር።

ያን ሰንበት አንድ ምዕራፍ ቀርቶ ነበር። ፀሐዩ ገና አለ። «ልቀጥል?» አለ አስማማው። «ቀጥል፣ ቀጥል» አሉ ሁሉም።

«ተው» አሉ አባቴ። «ለሚመጣው ሰንበት ይቆየን። ዛሬ ከጨረስነው ሳምንቱን ምን እንጠብቃለን?»

አስማማው ሳቀ። «ሳባባ፣ አባ። ይሁን፣ እርስዎ ካሉ።» የገጹን ጫፍ አጠፈና መጽሐፉን እኔ ብብት ውስጥ ወሸቀው። በቃ፤ ይኼው ነው። ሌላ ነገር ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ በማለዳ ወደ ወደቡ ሲሄድ መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ከሆስፒታል አልደረሰም። ፖሊሶቹ ሲመጡ አባቴ ክሊኒክ ነበሩ፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳሉኝ ሰምቻለሁ፤ ግን አልገባኝም። ወረድኩና አባ መኮንንን ጠራኋቸው፤ እሳቸውም ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በር ላይ ቆሞ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቄሱ ባሉበት፣ በማለዳ ይነገራል፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ። «ልጄ» አሉኝ አባ መኮንን፤ «አባትህ ዛሬን ሳይሰሙ ይደሩ። ነገ ጠዋት ቄሱም ይደርሳሉ፣ እኛም እንመጣለን። እስከዚያ ከቤት እንዳይወጡ። አደራህን።»

አባቴ ሲመለሱ «አስማማው ሁለተኛ ሽፍት ገባ» አልኳቸው። እሺ አሉ። እራታቸውን ግን ወደ ጎን አደረጉት።

በማግሥቱ ከእኔ ቀድመው ተነሥተዋል። ጸልየው፣ ከዘራቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ፤ ሮጬ ልደርስባቸው አልቻልኩም። ከታች አግዳሚው ሞልቷል። ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመዋል። የእማማ ዝናሽ ወንበር ወርዷል።

አባቴ ወደ ታች አዩ። «ዛሬ ሰንበት ነው እንዴ?» አሉ።

«አይደለም፣ አባ።»

ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ምን ብዬ እንደማቆያቸው አላወቅሁም። እጄ መጽሐፉን አገኘ። «አባ… ላንብብልዎት?» አልኩ። ፊቴን አዩኝ። እኔም የታጠፈውን ገጽ ከፈትኩ።

እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ፤ ያን ጊዜ አማርኛዬ የወጥ ቤት አማርኛ ነበር። «ባለ ከዘራው አርጅቷል» አልኩ። «መጀመሪያ ወደ ተጫወተበት ሜዳ ሄደ። ለብቻው። ሰው የለም። ሣሩ ላይ… ሣሩ ላይ የጠዋት ውኃ አለ።»

«ጤዛ» አሉ አባቴ።

«ጤዛ አለ። ኳሷን መታት። ጠፋች። ፈለጋት። ጊዜው… ጊዜው አለፈ። እሱ ግን መፈለጉን አልተወም።»

የእኔ ባለ ከዘራ ሰላምታ አያውቅም። ተወው የፈጣሪ ሥራ ነው አይልም። የተጻፈውን ብቻ እየተንተባተበ ይናገራል። በወንድሜ አፍ የምናውቀው ያ ደግ ጎንደሬ ሽማግሌ የትም ገጽ ላይ አልነበረም፤ ቀና እያልኩ ፈለግሁት፣ የለም። ከአስማማው ጋር ሄዷል። ለአባቴ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ ጋዜጣውን፣ እኔንም ጭምር ያሳመረላቸው ያ ድምፅ እንዳለቀ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጤዛ የምትለዋን እንኳ አላውቅም።

ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። ቀስ ብሎ የሚወጣ እግር። ቆምኩ።

«አንብብ» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እነሱ እስኪደርሱ አንብብ።»

ዓይኔ ፊደሉን አላይ አለኝ። «ሣሩን በእጁ… በእጁ ይገልጣል» አልኩ። «እዚህ ነበረች ይላል። አሁን እዚህ ነበረች።»

በሩ ተንኳኳ። ኳሷ ትገኝ አትገኝ አላውቅም፤ አባቴም አያውቁም፤ ያን ገጽ ከዚያ ወዲህ የገለጠው የለም። አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱ። ጫፉን፣ አስማማው ያጠፈበት ላይ፣ መልሰው አጠፉት። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በል፣ ክፈትላቸው» አሉኝ።

ሄጄ በሩን ከፈትኩ።